ዳገቱን በሰው ትከሻ የወጣው ሳጥኔ

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። የማልረሳው በዚያ ቀን በተናገርኳቸው ሦስት ቃላት ምክንያት ነው። ለሚስቴ እንኳ የነገርኳት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የምኖረው ወላይታ ሶዶ ነው፤ ፎቶ አንሺ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ሠርግና ምረቃ ነው። በእኛ አካባቢ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺ ዕቃ አይሸከምም። ገና ከመኪና ስትወርድ የሙሽራው ወንድም ትሪፖዱን፣ የአክስቱ ልጅ ሳጥኑን ይቀማሃል። እምቢ ብትል ይቀየማሉ። እንዲህ ስኖር ዕቃዬ ምን ያህል እንደሚከብድ ረስቼው ነበር። እውነቱን ለመናገር መብዛቱንም እወደው ነበር፤ ፎቶ አንሺ በሳጥኑ ትልቅነት የሚከበር ይመስለኝ ነበር።

አንድ መሥሪያ ቤት የሚሊሻ አባላት ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ ፎቶ እንዳነሳ ጠራኝ። ሠልጣኞቹ ከየወረዳው የመጡ ገበሬዎች ናቸው። የእኔ ሥራ የሁለት ቀን ነው፤ መጀመሪያ የመጨረሻውን የዳገት ፈተና፣ በማግስቱ ደግሞ ምረቃውን ማንሳት። ለመሥሪያ ቤት ሠርቼ አላውቅም ነበር። ከወደዱልኝ ዓመቱን ሙሉ እንደሚጠሩኝ ስለነገሩኝ እንቅልፍ እንኳ አልወሰደኝም።

አሠልጣኙ ሃምሳ አለቃ ቀደም ብሎ ደውሎልኝ ነበር። "ራስህ የምትሸከመውን ብቻ ይዘህ ና። እዚህ ተሸካሚ የለም" አለኝ። "እሺ" አልኩት። አልኩትና ሁለት ካሜራ፣ ትልቁን ሌንስ፣ ፍላሹን ከነጃንጥላው፣ ትሪፖዱን፣ ላፕቶፑን ሳይቀር አጭቄ መጣሁ። ሳጥኑ ጎማ አለው። ጎማው የሚሠራው ግን የአዳራሽ ሴራሚክ ላይ ነው እንጂ የዳሞታ ተራራ ጭቃ ላይ አይደለም።

ጠዋት ስደርስ ሠልጣኞቹ በጀርባቸው አሸዋ የተሞላ ቦርሳ አዝለው፣ የእንጨት ጠመንጃ ይዘው ተሰልፈዋል። አንዱ ሳጥኔን አይቶ "ፎቶ አንሺው ቤት እየቀየረ ነው እንዴ?" አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሃምሳ አለቃው ግን አልሳቀም። ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አየው።

ሕጉን ሲነግራቸው ሰማሁ። እያንዳንዱ አሸዋውን ይዞ ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ከላይ መድረስ አለበት። ከፊሽካው በኋላ የደረሰ ከዚህ ዙር ጋር አይመረቅም፤ ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል።

ዳገቱን ገና ሳላጋምስ ትንፋሼ አለቀ። ሳጥኑን አስቀምጣለሁ፣ አነሳለሁ፣ ደግሞ አስቀምጣለሁ። አንድም ፎቶ አላነሳሁም። ሠልጣኞቹ በአጠገቤ እያለፉ ነው። ከፊተኞቹ መካከል ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ጠንካራ ሰው ነበር። ስሙን ቀይሬ ማቴዎስ ልበለው። በቢጠና በኩል የሚኖር ገበሬ ነው።

አጠገቤ ሲደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ወይ ወገቤ!" አልኩ። ሆን ብዬ ነው። ሠርግ ላይ ይህቺ ትበቃለች።

ማቴዎስ ዞረ። "ኢሻ፣ ልርዳህ?" አለኝ። በወላይትኛ ወንድሜ ማለቱ ነው።

"አንተ ሰዓት አለብህ፣ ሂድ" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ከፊታችን ያለች ዛፍ እያሳየሁ "እስከዚያች ዛፍ ድረስ ብቻ" አልኩት።

ሳጥኑን አንስቶ ከአሸዋው በላይ ትከሻው ላይ አደረገው። እጄ ነፃ ሲሆን ሰውነቴ ቀለለኝ። ካሜራዬን ይዤ እየሮጥኩ ፊተኞቹን ደረስኩባቸው። ላባቸውን፣ ጭቃውን፣ የተነከሰ ከንፈራቸውን አነሳሁ። እንደዚያ ቀን ጥሩ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ዛፏን አልፌያለሁ። ረሳሁት ብል ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አይቼዋለሁ፤ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ጎንበስ ብሎ እየወጣ ነው። መልሼ ዓይኔን ካሜራው ላይ ተከልኩ።

ፊሽካው ተነፋ። ማቴዎስ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሳጥኑን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አወረደው። ጭቃውን በእጅጌው ጠረገና "ኢሻ፣ ዕቃህ ምንም አልሆነም" አለኝ። ትንፋሽ አጥሮት ስለነበር አረፍተ ነገሩን በሁለት ከፍሎ ነው የጨረሰው።

ሃምሳ አለቃው ማቴዎስን ወደ ዳር ወስዶ አነጋገረው። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

"ሳጥኑን አንተ ነህ የሰጠኸው?" አለኝ።

ስልክ ላይ ያለኝ ትዝ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ እሠራለሁ ያልኩት ሥራም ትዝ አለኝ።

"ራሱ ነው ያነሳው" አልኩ።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አስቤበት ነው የተናገርኩት።

በማግስቱ ምረቃው ላይ ከየቦታው የመጣ ቤተሰብ ሜዳውን ሞላው። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ወደ እኔ መጣች። በእጇ አዲስ ሸሚዝ ከነላስቲኩ ይዛለች።

"ወንድሜ፣ ባለቤቴን ከእኛ ጋር አንሳልኝ። ከቢጠና ነው የመጣነው። ሰልፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ ማቴዎስ ነው ስሙ" አለችኝ።

 የት እንዳለ አውቅ ነበር። ጠዋት ስገባ ፈተናውን ከወደቁት ጋር የውሃ በርሜል አጠገብ ድስት ሲያጥብ አይቼው በሌላ በኩል ዞሬ አልፌያለሁ። ምን እንደምላት ሳስብ ማቴዎስ ራሱ እጁን ሱሪው ላይ እያደረቀ መጣ።

በወላይትኛ "ጉልበቴን አሞኝ ኋላ ቀረሁ። በሚቀጥለው ዙር እጨርሳለሁ" አላት። የእናቴ ቋንቋ ነው፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ሴትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። "ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሬ ነው የመጣሁት" አለች። እሱም ሊያስቃት ፈልጎ ሸሚዙን ከላስቲኩ አውጥቶ እዚያው ለበሰው። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመና "ይሄ ኢሻ ዳገቱን አብሮኝ የወጣ ነው" አላት።

"ጌታ ይባርክህ" አለችኝ፣ በሁለት እጇ ጨብጣኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አነሳኋቸው። 

እነሱ ዞር ሲሉ ሃምሳ አለቃውን ፈልጌ ሁሉንም ነገርኩት። ሆን ብዬ ማቃሰቴን፣ "እስከዛፏ" ማለቴን፣ ዞር ብዬ አይቼ መተዌን። እስክጨርስ ሰማኝ።

"አስቀድሜ እሱን ጠይቄዋለሁ" አለ። "'ማንም አልሰጠኝም፣ ራሴ ነኝ፤ እንግዳውን እንዳትናገሩት፣ እንጀራው ነው' አለኝ። ውሸቱን እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ምስክር ያስፈልገኝ ነበር፤ ለዚህ ነው አንተ ጋ የመጣሁት። ትናንት 'እኔ ነኝ የሰጠሁት' ብትለኝ ኖሮ ዛሬ ሰልፉ ውስጥ ይቆም ነበር። አሁን የተመራቂዎቹ ዝርዝር ወደ ላይ ሄዷል፤ ከእጄ ወጥቷል።"

አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ፎቶዎቹን ወደዳቸው። እስከዛሬ ይጠሩኛል። አሁን የምይዘው አንድ ካሜራና ሁለት ሌንስ ነው፤ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ እሄዳለሁ። ሠርግ ላይም ዕቃዬን ለማንም አልሰጥም። ዘመዶች "ኮራብን" ይሉኛል፤ ይበሉ።

ማቴዎስ በቀጣዩ ዙር እንደጨረሰ ሰምቻለሁ። ፎቶውን በሰው ላክሁለት፤ ራሴ ግን አልሄድኩም። ሚስቴ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቀው ሁልጊዜ ትነግረኛለች። ልክ ናት። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝም እችለዋለሁ። የምፈራው ነገሬን ሳልጨርስ "ኧረ ተው ኢሻ፣ ምን ነካህ፣ ግባ እንጂ" ብሎ ቤቱ ያስገባኛል ብዬ ነው።