ጥያቄው ሳያልቅ

ልብስ ሰፊዋ ምክትል ከንቲባውን የምታውቀው ገና ልጅ ሳለ፣ አንገቱ ቀጥኖ ጆሮው ብቻ ሲታይ ነው። ያን የሚያህል ጆሮ ይዞ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሲያዳምጥ ግን አይታው አታውቅም።

ሁለቱም ለትምህርት ቤታቸው በጥያቄና መልስ ውድድር ተሰልፈው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ደወል ይቀመጣል፤ ቀድሞ የደወለ ጥያቄውን አቋርጦ መመለስ ይፈቀድለታል። ደወሉን ከእሱ እጅ ማን ያስጥለው! በመጨረሻው ዙር ጠያቂው «የዓለም ረጅሙ…» ከማለቱ ደወለና የወንዝ ስም ጠራ። የተጠየቀው ተራራ ነበር። ዋንጫው ለሌሎቹ ሄደ፤ እሱ ግን ጥፋቱን በጠያቂው ላይ ላከከና ዐረፈው። ዛሬ በምርጫ ፎቶው ሥር «ከልጅነቱ የዕውቀት ውድድር ጀግና» ተብሎ ተጽፎለታል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ባነበበች ቁጥር መርፌ በከንፈሯ ይዛም ቢሆን ትስቃለች።

ዘንድሮ ሳቋ ጠፋ። የእሷ ሱቅ ያለበት ተራ ለመኪና ማቆሚያ ይፈርሳል ተባለ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ የስፌት መኪናው በሩ ሥር፣ የካውያው ጠረጴዛ ከኋላ፣ ግድግዳው ላይ ዚፕና ክር በየቀለሙ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ጉሮኖ ነው።

ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው አቤት ሊል ምክትል ከንቲባው ቢሮ ድረስ ሄዶ ነበር። ገና «ሱቆቻችን…» ሲል ሰውየው መብራት በቅርቡ ይገባላችኋል ብሎ ሸኘው። ፀጉር አስተካካዩም ሞከረ፤ የውሃ ቧንቧ ቃል ተገብቶለት ተመለሰ።

«ደንቆሮ ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ?» አለ ጫማ ሰፊው።

«ኧረ ይሰማል። እስከ መጨረሻው መስማት ነው የማይችለው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ መቀሷን አስቀምጣ ብዙ አሰበች።

ምክትል ከንቲባው ነዋሪውን ለስብሰባ በጠራበት ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ የቴሌቪዥን ካሜራም ተደቀነ። በሰው ፊት መናገር ለእሷ ሞት ነው። ቢሆንም ያዘጋጀችውን ቀስ ብላ ጀመረች።

«ክቡር ምክትል ከንቲባ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሰው ‹ሱቆቹ አይፈርሱም› ለማለት ወኔው አልነበራቸውም። እርስዎ ግን…»

እዚህ ላይ ዝም አለች። ምክትል ከንቲባው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«እኔማ እላለሁ! አይፈርሱም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጸሐፊው እጅጌውን ቢጎትተው ማን ሰምቶት፤ ጭብጨባው ልቡን አሳብጦት ለካሜራው ደጋግሞ ማለ።

ሰው ሲበተን፣ የማፍረሻውን ትእዛዝ በዚያው ጠዋት ራሱ አንብቦ ሳይጨርስ መፈረሙን ጸሐፊው በጆሮው ነገረው። ላብ በላብ ሆኖ ወደ ልብስ ሰፊዋ መጣ። አላወቃትም።

«እህቴ፣ ለመሆኑ ጥያቄሽ ምን ነበር?»

«‹እርስዎ ግን ከሳቸው ይሻላሉ ወይ?› ልል ነበር» አለችው አንገቷን ደፍታ።



አገር ምድሩ እያየ የማለውን ማጠፍ ምርጫ ሲቀርብ አያዋጣምና ትእዛዙ ተሻረ። ሱቆቹ ቆሙ። ጫማ ሰፊው በደስታ፣ ተሰብስበን ሄደን እናመስግነው ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ምን አድርጎ?» አለችው።