አሥራ ሰባት ወይስ አሥራ ስምንት፤ የጥርስ ሐኪሙ መኪና ጎማ

ሰኔ አራት ቀን ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሜትሮ የሚባለው ጎሚስታ የጀመረውን ጎማ ፈትቶ ሳይጨርስ እጁን አቆመ። ዓይኑ ያረፈው በሱቁ ግድግዳ ላይ በሽቦ ባሰራት የአሮጌ መኪና ስፖኪዮ ላይ ነበር። ስፖኪዮዋን የሰቀላት ጢሙን ለመላጨት እንደሆነ ለጠያቂ ሁሉ ይናገራል። ይሁንና ሜትሮ የሚላጨው ቤቱ መሆኑን መንገዱ በሙሉ ያውቃል። ስፖኪዮዋ የምታሳየው ፊቱን ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለ መስታወት በር የጎማ ሱቅ ነው፤ የዚያ ሱቅ ባለቤት ደግሞ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው።

በዚያ ሰዓት ከመስታወቱ በር ፊት የቆመችው ዝቅ ያለች ቀይ መኪና የጥርስ ሐኪሙ ነበረች። ሐኪሙ በሥራ ቀን የሰው ጥርስ ይነቅላል፤ አንዳንድ እሑድ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው የእሽቅድምድም ሜዳ መኪናውን ይነዳል። የዚያችን መኪና ጎማ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመረጠው ሜትሮ ነበር። እርሱ እስከሚያውቀው ድረስ ሌላ ሰው ቡሎኗን ነክቶ አያውቅም። አሁን ግን የሚስቱ ወንድም በጎኗ ተንበርክኮ ጎማ የለበሰ አዲስ ቸርኬ ሲያስር በስፖኪዮዋ ውስጥ ወለል ብሎ ታየው።

ሜትሮ የሚለው ቅጽል የወጣለት በከንቱ አይደለም። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው፤ በመሆኑም የተማረ ሰው የነገረውን ሁሉ ራሱ ለክቶ ካላረጋገጠ አያምንም። ዳቦ ሲገዛ የዳቦውን ቁመት በዓይኑ ይለካል። ሲዳር የሙሽራዋን ጣት ሦስት ጊዜ ለክቶ ነው ቀለበት ያሠራው፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ ይህን እያነሳች ትስቅበታለች። የለካውን ሁሉ በአንዲት ጥቁር ደብተር ላይ በጥንቃቄ ያሰፍራል። የቀይዋ መኪና ልክም በዚያ ተጽፏል፦ ቸርኬ አሥራ ሰባት ኢንች፣ የጎማው ስፋት ሁለት መቶ ሃያ አምስት ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ አርባ አምስት በመቶ። በመንገዱ ላይ ስለ ጎማ ክርክር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ሜትሮ ምን አለ?» ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

የሚስቱ ወንድም ሙያውን የተማረው ከእርሱ ነው። ስድስት ዓመት አብሮት ሠርቶ፣ ከዚያ ማታ ማታ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ባለፈው ዓመት ማዶ የራሱን በር ከፈተ። ቦታ አጥቶ ነው እንዳይባል ከተማው ሰፊ ነው። ሜትሮ ይህን ሲያላምጥ ዓመት ሞላው።

በምሳ ሰዓት ዳቦ ቤቱ በረንዳ ላይ ሰዎች ተሰብስበው አገኛቸው። ዳቦ ጋጋሪው ሁለት ሰው የሚያክል፣ አፉም እንደ ምድጃው የማይቀዘቅዝ ሰው ነው።

«ሜትሮ፣ ሐኪሙ ከድቶሃል አሉ» አለው ዳቦ ጋጋሪው።

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። ፊትህ ነው ያለው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሜትሮ አልሳቀም። «ምን ገጠመለት?» ብሎ ጠየቀ፣ እንደማያውቅ።

«አሥራ ስምንት ቸርኬ። ጎማው ሁለት መቶ አርባ አምስት፣ ጎኑ ሠላሳ አምስት ነው ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ የስልክ ቁጥር ነው የሚመስለኝ።»

ሜትሮ በልቡ አሰላው። ቸርኬው በአንድ ኢንች ቢያድግም የጎማው ጎን ስላጠረ፣ ጠቅላላ ቁመቱ ከቀድሞው በስድስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይለይም። በቁመቱ እንከን አልነበረውም። ስፋቱ ግን በሃያ ሚሊ ሜትር ጨምሯል፤ የጨመረው ደግሞ የግድ ወደ አንድ ወገን መውጣት አለበት።

«ስሙኝ» አለ ድምፁን አስተካክሎ። «እሑድ ሜዳው ላይ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ፣ ያ ጎማ ፓራፋንጎውን ይነካል። ጎማውን ከላይ የሸፈነው ቆርቆሮ እንደ ቢላ ይልጠዋል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቃሉ ከአፉ ወጥቷል፤ ዘጠኝ ዓመት የኖረበት ስምም ከቃሉ ጋር አብሮ ወጥቷል። ጎማው ከነካ መንገዱ ለማን እንደሚገባ ይታወቃል። ካልነካ ደግሞ ከእንግዲህ «ሜትሮ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

በዚያው ቀን እራት ላይ ሚስቱ ሳህን እያቀረበች «ወንድሜ...» ብላ ጀመረች። ሜትሮ እጁን ሰዶ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ይህ ልማዱ ነው። ዓመት ሙሉ እርሷ «ወንድሜ» ባለች ቁጥር የቤቱ ሬዲዮ ይጮኻል።

«ልነግርህ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው» አለች።

«ዜናውን ልስማ።»

«አየር ሁኔታ ነው እኮ የሚያወሩት።»

«አየሩንም ልስማ።»

ሚስቱ ትከሻዋን ሰብቃ ሳህኑን አስጠጋችለት።

ዓርብ ጠዋት የሚስቱ ወንድም ራሱ መንገዱን አቋርጦ መጣ። እንደ ወትሮው ከደጅ ቆሞ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ? የሐኪሙን መኪና አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ ብዬ ነው። ከእሑድ በፊት።»

«እኔን ምን አስፈለገህ? ማሽን አለህ።»

«ማሽኑ የጎማ ሚዛን ያወጣል እንጂ ኩርባ ላይ ምን እንደሚነካ አያይም። የእርስዎ ዓይን ይሻላል።»

ሜትሮ ነገሩን ገለባበጠው። ሊያሾፍ ነው? ወይስ ጎማው ቢነካ «ጋሼ አይተውት ነበር» ሊል? አንድ ሰው ያለ ምክንያት መንገድ አያቋርጥም።

«ሥራ አለብኝ» አለው። ሥራ ግን አልነበረበትም። ወጣቱ አጎንብሶ ተመለሰ፤ ሜትሮም በስፖኪዮዋ ውስጥ እስከ መስታወቱ በር ሸኘው።

ቅዳሜ ሲነጋ ግን ነገሩን እንደገና አሰላው። እሑድ ሜዳው ላይ ማን ነው በቅርብ የሚያየው? ጎማው ነክቶ ቢገኝ «ሐኪሙ ክፉኛ ነዳው» ይባልና ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። ከዚህ ሌላ ያልጠበቀው ሐሳብም መጣበት፤ ጎማው ኩርባ ላይ ቢፈነዳ መሪውን የያዘው ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ የሜትሮን የመንጋጋ ጥርስ ሳያሳምመው የነቀለ ሰው ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ማንሻ ክሪክ፣ ሜትር፣ ጠመኔና ደብተሩን ያዘ። ከሱቁ ጥግም ለቀይዋ መኪና ብሎ ያስቀመጠውን አሥራ ሰባት ቸርኬ ከነጎማው አወጣና መንገዱን መሃል ለመሃል እየገፋ ወደ ሐኪሙ ሕክምና ቤት አቀና። ጥፋቱን አሳይቶ፣ ትክክለኛውን እዚያው ሊገጥም ነው። ዳቦ ጋጋሪው ይህን ሲያይ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ተከተለው።

ሐኪሙ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ወደ ግቢው ወጣ። «ሜትሮ፣ ጥርስህ ነው?»

«ጥርሴ ደህና ነው፣ ዶክተር። የእርስዎን መኪና ለማየት ነው የመጣሁት።»

ሐኪሙ ለባለ መስታወቱ ሱቅ ስልክ ደወለ፤ የሚስቱ ወንድምም እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

ሜትሮ የሚመረምርበት የራሱ መንገድ አለው። የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ጠመኔ ይቀባል። ከዚያ ወፍራም ሰዎች መኪናው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ባዶ መኪና ውሸታም ነው ይላል። መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ መኪናዋ ትዞራለች፣ ጉብታ ላይም ትወጣለች። ጎማው ነክቶ ከሆነ ጠመኔው ይላጫል። ክሪኩን አስገብቶ ጎንበስ ሲል ግን ጠርዙ ቀድሞውኑ ነጭ ሆኖ አገኘው። ከላይ አንድ፣ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ፣ ሦስት የጠመኔ መስመር። እርሱ ራሱ ያስተማረው ሦስት መስመር ነበር። አንዱም አልተላጨም።

«ሰው ጭነህ ነው ወይስ ባዶዋን?» አለ ቀና ሳይል።

«አራት የአሸዋ ከረጢት ጭኜ ነው፣ ጋሼ።»

«አሸዋ አይንቀሳቀስም። ዳቦ ጋጋሪው ይግባ።»

ዳቦ ጋጋሪው ገባ፤ መኪናዋም ቃተተች። «እኔን አሁን እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው የቆጠራችሁኝ» አለ ከውስጥ። የሚስቱ ወንድምና የሕክምና ቤቱ ዘበኛ ከኋላ ተቀመጡ። ሐኪሙ መሪውን እየጠመዘዘ ግቢውን ስድስት ጊዜ ዞረ፤ የበሩን ጉብታም ወጥቶ ወረደ። መኪናዋ ስትቆም ሜትሮ ብቻውን ወደ ፊት ጎማው ሄዶ ተንበረከከ።

ጠመኔው እንዳለ ነበር።

ሌሎቹ ገና ከመኪናው እየወረዱ ነው፤ ማንም አያየውም። የሜትሮ አውራ ጣት ወደ ነጩ መስመር ተጠጋ። አንድ ጊዜ ጠረግ ቢያደርገው ነገሩ ሁሉ ያልቃል፤ ሐኪሙ ወደ እርሱ ይመለሳል፣ ባለ መስታወቱ በር ያፍራል፣ በረንዳው ላይ የተናገረው ቃልም ቃል ሆኖ ይቀራል። ጣቱ ጠመኔውን ሊነካ የፀጉር ያህል ሲቀረው ቆመ። በጥቁሩ ደብተር ላይ ያልለካው ነገር ተጽፎ አያውቅም። እጁን ሰብስቦ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አልነካም» አለ። ድምፁ እንደ ዛገ ቡሎን ነበር።

ሜትሮ ግን አልጨረሰም። «አለመንካቱ አንድ ነገር ነው፤ ማስፈለጉ ሌላ ነው» አለ። «አሥራ ሰባቱ ቀላል ነው፣ ጎኑ ረጅም ስለሆነ ጉድጓድ ይችላል። እርሱ እያለ ይህ ለምን አስፈለገ?» ከዚያም አዲሱን ፈትቶ አሥራ ሰባቱን አነሳና ቦታው ላይ አስቀመጠ። ቸርኬው ግማሽ ድረስ ገብቶ «ቀጭ» ብሎ ቆመ። ገፋው። አልገባም። አጎንብሶ ሲያይ የፍሬኑን ዲስክ ግራና ቀኝ የሚነክሰው ፒንሳ የቸርኬውን ውስጥ ነክሶ ይዞታል። ይህ እርሱ የሚያውቀው ፒንሳ አልነበረም፤ የሁለት እጅ ጡጫ የሚያህል አዲስ ፒንሳ ነው።

«ይህ ፍሬን መቼ ተቀየረ?»

«አራት ወሩ ነው» አለ ሐኪሙ። «የድሮው ሜዳ ላይ ይግል ነበር። አዲሱን የሚያልፍ ቸርኬ እስኪገኝ መኪናዋ ቆማ ነበር፤ ሐሙስ ተጎትታ ነው እሱ ጋ የሄደችው።»

ሜትሮ ወደ ሚስቱ ወንድም ዞረ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ሦስት ጊዜ መጣሁ፣ ጋሼ። ሦስቴም ሥራ አለብኝ አሉኝ። እኅቴንም እራት ላይ እንድትነግርዎ ላክኋት።» ወጣቱ መሬት መሬቱን አየ። «ሬዲዮ ከፍተው ነበር አለችኝ።»

ሜትሮ ደብተሩን አወጣ። የቀይዋ መኪና ገጽ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተጻፈ ነበር። ሁሉን የሚለካ ሰው ይህን ብቻ ከወረቀት አንብቦ ተናግሯል። በቅናት ዓመት ሙሉ በስፖኪዮ ሲመለከት የከረመው በር ነበር፤ መኪናዋን ግን አላያትም።

ቸርኬውን አውጥቶ አዲሱን መልሶ ራሱ አሰረ። ቡሎኖቹን ሲያጠብቅ የሚስቱ ወንድም መፍቻውን አቀበለው፤ ሜትሮም ሳያመሰግን ተቀበለው። ወጣቱ ሥራውን አሳምሮ መሥራቱ አሁንም እንደ እሾህ ይወጋዋል። እንዲያውም ከቀድሞው ይበልጥ ይወጋዋል፤ ምክንያቱም አሁን አረጋግጦታል።

አሥራ ሰባቱን እየገፋ ሲመለስ በረንዳው ሞልቶ ነበር። ከኋላው የመጣው ዳቦ ጋጋሪ ወሬውን ለሜትሮ ለራሱ ተወለት። አንድ ልብስ ሰፊ ጠየቀ፦

«ሜትሮ ምን አለ?»

ሜትሮ ቸርኬውን አቁሞ ተደገፈበት። «አሥራ ስምንቱ አይነካም» አለ። «አሥራ ሰባቱ አይገባም። ሐሙስ የተናገርኩት ስህተት ነው።»

ወደ ሱቁ ገባና በደብተሩ ላይ የድሮውን ገጽ በአንድ መስመር ሰረዘው። ከሥሩም፣ ከሕክምና ቤቱ ከመነሳቱ በፊት በራሱ ሜትር የለካውን አሰፈረ፦ አዲሱ ቸርኬ ከታሰረ በኋላ ከፒንሳው እስከ ቸርኬው ውስጥ ያለው ክፍተት አምስት ሚሊ ሜትር፤ ግራውም ቀኙም፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ተለክቶ።