ፑንተሪያ ሲስተካከል ሻይ የላክኋት ልጅ

በነቀምቴ ጋራዦች ውስጥ እኔን የሚያህል ለጋስ ፈራሚ አልነበረም። ኮሌጁ የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኞቹን «በሥራ ቦታ ይለማመዱ» ብሎ ለሦስት ወር ሲልክልኝ እያንዳንዳቸው አንድ ደብተር ይዘው ይመጣሉ። ደብተሩ ላይ ሥራው በተርታ ተዘርዝሯል፤ ከጎኑ ሦስት ሳጥን አለ። «አይቷል»፣ «በእገዛ ሠርቷል»፣ «ለብቻው ሠርቷል»። እኔ መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ከላይ እስከ ታች እወርድበታለሁ። ፊርማዬ ጅራት አለው፤ አንዴ ከተነሣ ሁለት ሦስት መስመር ሳይጠርግ አይቆምም። እጄ የመካኒክ፣ ፊርማዬ የሚኒስትር ነው እያልኩ እኮራበት ነበር።

የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅ ነው። ከዲጋ የመጣች፣ አውቶሞቲቭ የምትማር፣ ቀጭን፣ የሥራ ልብሷን እጅጌ ሦስት ጊዜ ካልጠቀለለች ጣቷ የማይታይ። መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆማ «አከም ቡልተኒ፣ አባኮ» አለችኝ፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። አባቴ ጎጃሜ ቢሆንም እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ነኝ። «አባኮ»፣ አባቴ፣ ሲሉኝ ልቤ ጸሐይ እንዳየው ቅቤ ነው።

«ምን ትችያለሽ?» አልኳት።

«የተማርኩትን።»

«ምን ተማርሽ?»

«ደብተሬ ላይ አለ።»

«እዚህ ያሉት ሞተሮች ማንበብ አይችሉም፣ ኢንተላኮ» አልኳት። ልጄ ማለቴ ነው። በገዛ ቀልዴ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ይህም የቆየ ልማዴ ነው።

ምን እንደምትፈልግ በመጀመሪያው ሳምንት ነገረችኝ። ጉቴ ላይ ለገበሬዎች ትራክተር የሚጠግን ጣቢያ አለ። ሰው ሊቀጥሩ ነው፤ የብቃት ምዘናውን ካለፈች እንደሚወስዷት ነግረዋታል። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ «ሴት ልጅና ሞተር ምን አገናኛቸው» ባይ ነው። ምዘናውን እስክትወስድ ድረስ ዝም ሊላት ተስማምቷል፤ ከወደቀች ግን ወደ ቤት መመለስ ነው። «ስለዚህ አልወድቅም» አለች፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው በተረጋጋ ድምፅ።

አሁን ስለ እኛ ስለ አሮጌዎቹ መካኒኮች አንድ ነውር ልናገር። እኛ ሙያ አንሰጥም። ሥራው ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ልጁን ወደ አንድ ቦታ እንልከዋለን። እኔን ያስተማሩኝ ጌታዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ውኃ ቅዳ ብለው ይልኩኝ ነበር። እኔ ባልዲውን ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ አስቀምጬ በሚስማር ቀዳዳ አያለሁ። ፑንተሪያ ማስተካከልን የተማርኩት በዚያች ቀዳዳ፣ በግራ ዓይኔ ነው። እስከ ዛሬ ይህን ሥራ ስሠራ ቀኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ደንበኞቼ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል።

ፑንተሪያ ማለት ሞተሩ አናት ላይ ቫልቮቹን ለሚገፉት ብረቶች የሚተው ትንሽ ክፍተት ነው። ከጠበበ ቫልቩ ይቃጠላል፤ ከሰፋ ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጫጫል። ቀጭን መለኪያ ብረት በክፍተቱ አስገብቶ በቡሎን ማስተካከል፣ ከዚያ ቡሎኑን በሚቆልፈው ዳዶ ማጥበቅ ነው። እስከዚህ ድረስ መጽሐፍ ሁሉ ይናገራል። መጽሐፍ የማይናገረው አንድ ነገር ነው፦ ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑን አብሮት ይዞ ይዞራል፣ ልክ የነበረውም ልክ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ቡሎኑን በካቻቢቴ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ኋላ ይዞ ማጥበቅ ነው። ምን ያህል ትንሽ? እሱን የእጅ አንጓ ነው የሚያውቀው። ልጆቹን የምንልካቸው እዚህች ላይ ነው።

ወንዶቹ ሲላኩ ያውቁበታል። አንዱ የጫማው ማሰሪያ ይፈታበታል፣ ሌላው ብርጭቆ ረስቼ ነው ብሎ ከመንገድ ይመለሳል። አያለሁ፤ ዝም እላለሁ። በልቤም «ይሄ መካኒክ ይሆናል» እላለሁ። እሷ ግን «ሻይ አምጪልኝ» ስላት «ቶሌ» ብላ፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ወዲያው ትሄዳለች። አስፋልቱን ተሻግራ፣ ከማዶው ጉራጌ ሻይ ቤት፣ ሻዩ ሳይበርድ ትመለሳለች። ዳዶው ግን ጠብቆ፣ ክዳኑ ተከድኖ ይጠብቃታል።

አንድ ቀን ሻይ ቤቱ ባለቤት ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ የምትማረው መካኒክነት ነው ወይስ አስተናጋጅነት? አስተናጋጅነት ከሆነ ደብተሯን ወዲህ ይበሉ፣ እኔ ልፈርምላት።»

ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። እሷም ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ክዳኑ ላይ ነበር።

ሙያ የመስረቅ ልብ የላትም ብዬ ደመደምኩ። ያደገችበት ቤት ውስጥ ሽማግሌ ሲልክ ዞሮ ማየት እንደሌለ፣ የላኩትን አድርሶ መምጣት ብቻ እንደሆነ አልታሰበኝም። ስድሳ ዓመት ኦሮሞ መሐል ኖሬ ይህን አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? አውቃለሁ። ሻዩ ስለጣመኝ ነው ያላሰብኩት።

በመጨረሻው ቀን ደብተሯን ይዛ መጣች። ልወርድበት ስል ጣቷን አንዱ መስመር ላይ አደረገች።

«አባኮ፣ ይቺን ለብቻዬ አልሠራሁም።»

«የትኛዋን?»

«ፑንተሪያን።»

«ስንሠራ አላየሽም እንዴ?»

«ሻይ ሄጄ ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ማሎ፣ አንዴ ያሳዩኝ። እባክዎ።»

አንድ ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ እዚያው አጠገባችን ነበር። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ምሳዬ ደርሶ ነበር፤ ሽሮ ከቀዘቀዘ አልወድም። «አትፍሪ፣ እጅሽ ራሱ ያውቀዋል» አልኳትና ፈረምኩ። ጅራቱ በጣቷ ላይ አለፈ። ቀለሙን በሥራ ልብሷ ጠረገችና «ገላቶማ» አለችኝ። አመሰገነችኝ።

ምዘናው በኮሌጁ ወርክሾፕ ነበር። የእነሱ ሞተር ስለተበላሸ የእኔን አንድ ትርፍ ሞተር አዋስኳቸው። በፒክአፕ አድርሼ፣ ምናልባት ሞተሩ አልነሣም ካለ ብዬ ደጅ ቀረሁ። መመዘኛ ክፍል መግባት ክልክል ነው፤ በመስኮት ማየት ግን ማንም አልከለከለኝም። በዚህ በኩል የቆየ ልምድ አለኝ።

ተራዋ ሲደርስ የወጣላት ፑንተሪያ ነበር። ጥሩ አድርጋ ጀመረች። ሞተሩን በእጅ አዙራ ቦታው ላይ አመጣችው፣ መለኪያውን መረጠች፣ አስገባች፣ ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ ዳዶውን አጠበቀች። ካቻቢቴው ግን በሌላ እጇ ዝም ብሎ ተይዟል፤ ቡሎኑ አብሮ ሲዞር በመስኮት ታየኝ። የገዛ አንጓዬ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ወደ ኋላ ተጠመዘዘ። ሁለተኛው ላይ እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ እንዲሁ።

ሞተሩ ሲነሣ ተንጫጫ። መዛኙ አጠፋውና ደብተሩን ገለጠ።

«ይሄ ለብቻዋ ሠርታለች ይላል። ሠርተሽዋል?»

ካቻቢቴውን አስቀመጠች።

«ማነው የፈረመልሽ?»

ቀና ስትል በመስኮት ተያየን። እኔ ወዲያውኑ ጎንበስ ብዬ የመኪናዬን ጎማ ነካ ነካ ማድረግ ጀመርኩ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር። ድምፅዋ ግን እስከ ጎማው ድረስ መጣ።

«የጋራዡ ጋሼ ናቸው። አሳይተውኛል። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

ይህ አፌ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሰው የሚያስቅ አፍ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳይጠየቅ የሚናገር አፍ ነው። «ልጅቷ ውሸቷን ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ለማለት ሁለት እርምጃና አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። ጎማውን ነካ አደረግሁ። መዛኙ ጻፈ። «ገና አልበቃችም።»

ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች፤ ሰላምታዋን አላጓደለችም።

ሳምንት ያህል ሥራ አልያዝልኝ አለ። ከዚያ ልብሴን ለውጬ ኮሌጅ ሄድኩና አሠልጣኛቸውን አገኘሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሻዩን፣ ሽሮውን፣ ጎማውን። «ፊርማዬን ሰርዙ፣ ከእንግዲህም ሰው አትላኩብኝ» አልኩት። ወጣቱ አሠልጣኝ በትዕግሥት ሰማኝ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ብቻ መሰለዎት?» አለኝ። «ሌሎቹ ጋራዦች ልጆቹን ጭራሽ ሳይቀበሉ ነው የሚፈርሙት። እርስዎ ቢያንስ ይቀበላሉ። እንዲያውም ሁለት ልጆች ቦታ አጥተውብኛል።»

ልቀጣ ሄጄ ሁለት ሠልጣኝ ተመድቦልኝ ተመለስኩ። እንዲህ ያለ ንስሐ ሰምቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ሚኒባስ ይዤ ዲጋ ወረድኩ። ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁት። ወንድሟ በር ላይ ተቀብሎ ወንበር አወጣልኝ፤ እሷ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

«ልጅሽ ሞተር አትችልም ለማለት ነው የመጡት?» አለ ወንድሟ፣ በኦሮምኛ፣ ደጃፉ ላይ ወደ ተቀመጡት እናታቸው ዞሮ።

እኔም በኦሮምኛ መለስኩ። «የጎደለው ማስተማር ነው። ማስተማር የማይችለውም እኔ ነኝ። ትመለስና ላሳያት።»

ወንድሟ «እሷ ትወስን» ብሎ ወደ እሷ ተመለከተ። «ደብተር አላመጣም» አለች እሷ። «ሳልችለው አይፈረምም።»

ለሁለት ሳምንት ተመላለሰች። የሚያሳፍረው፣ ማሳየት ስጀምር ማሳየት አለመቻሌ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ እጄ ያወቀውን አፌ አያውቀውም። «ትንሽ ወደ ኋላ» እላታለሁ፤ «ትንሽ ስንት ነው?» ትለኛለች። በመጨረሻ አንጓዬን በእጇ ያዘችና «አሁን ያጥብቁ» አለችኝ። እንደ ሐኪም የደም ሥሬን እያዳመጠች አጠበቅሁ። ከዚያ ራሷ አጠበቀች። ሞተሩ ሲነሣ የሰማሁት ዝምታ ለእኔ የማይገባ ደስታ ነበር።

በሁለተኛው ምዘና አለፈች። ስልክ ደወለችልኝ።

«አለፍኩ፣ አባኮ።»

«ጉቴስ? መቼ ትጀምሪያለሽ?»

«ጉቴ ሰው ቀጥረዋል። በመሐል። ምንም አይደለም፣ ሌላ አገኛለሁ።»

የምታጽናናው እሷ ነበረች። እኔ «አይዞሽ» ማለት እንኳ ሳልችል «መልካም ነው፣ መልካም ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አሁን እዚሁ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ አንድ የባጃጅ መጠገኛ ውስጥ ትሠራለች። ጎበዝ ናት ይላሉ፤ ባለባጃጆቹ ሌሎቹን ትተው እሷን ይጠብቃሉ አሉ። ባጃጅ ግን ትራክተር አይደለም፤ የተመኘችውም ይህን አልነበረም። ከቤቴ ወደ ገበያ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በእሷ በር ነው የሚያልፈው። ካየችኝ ተነሥታ፣ እጇን ጠርጋ፣ በአክብሮት ሰላም እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በላይኛው ዳገት ዞሬ እሄዳለሁ። በዚህ ጉልበት ዳገቱን ምን አስመረጠህ ሲሉኝ ሐኪም እርምጃ አዞልኝ ነው እላለሁ።