አማቴና የበረንዳዋ ሸረሪት

ሸረሪት እፈራለሁ። እባብን እንኳ አይቶ መሮጥ ይቻላል፤ ሸረሪት ግን ከየት ወርዳ አንገት ላይ እንደምታርፍ አይታወቅም። ባደግሁበት የአዲስ አበባ ሰፈር የልጅ አንገት ውሃ ቋጥሮ ካደረ «ሸረሪት ሸንታበት ነው» ይባል ነበር። ያንን ስም ማጥፋት አሁን እስከምንኖርበት እስከ ስቶክሆልም ዳርቻ፣ አልቢ ድረስ ይዤው መጥቻለሁ።

አንድ የነሐሴ ማለዳ የበረንዳውን በር ስከፍት በፊቴ ልክ ድር ተዘርግቷል። መሃሉ ላይ ባቄላ የምታህል ቡናማ ሸረሪት ቁልቁል ተዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ጮኼ መጥረጊያ ላመጣ ሮጥኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይቺ ግን ብቻዋን ቤተሰቡን በሙሉ ከበረንዳ ከልክላለች።

ስመለስ አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። የወሎ ሰው ናቸው፤ እኛ ዘንድ የመጡት ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ከተጋረዱ በኋላ ነው። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። የኦፕራሲዮን ወረፋ ይዘን እየጠበቅን ነበር። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ብንሆንም ጠብ አልነበረንም፤ ወሬ ግን አልነበረንም። «ይብሉ እንጂ»፣ «ጠገብኩ» ከመባባል ብዙም አናልፍም።

«ምን ልታረጊ ነው?» አሉኝ፤ መጥረጊያው ሲጎተት ሰምተዋል።

«ሸረሪት ናት እማማ። ልጠርጋት ነው።»

«ተይ! ነቢያችን ዋሻ ውስጥ ተሸሽገው ሳሉ ደጁ ላይ ድሯን ዘርግታ ጠላት የመለሰች ናት። እኔ ባለሁበት ቤት ሸረሪት አይገደልም።»

ልጄ ጭቅጭቁን ሰምታ መጣችና ስልኳን አስጠግታ ፎቶ አነሳቻት። «ኮርስስፒንዴል ናት ማማ። ዴን ኤር ኢንተ ፋርሊግ» አለች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። መስቀለኛዋ ሸረሪት ናት፣ አደገኛ አይደለችም ማለቷ ነው። ትንፋሼን ውጬ ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነትም ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ነጥቦች መስቀል ሠርተዋል። ለአማቴ ብነግራቸው በሳቅ ፈነዱ።

«እንግዲያማ ያንቺም ናት! አሁን ብትገድያት ለቄሱ ምን ልትዪ ነው?» ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው «ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ የማያት እሷን ነው፤ ጠብቂልኝ» አሉ።

አደራ ተቀበልኩ። የበሩ ነገር ግን አልቀረም፤ አማቴ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ካልተቀመጡ ቀኑ አይጀመርላቸውም። ልጄ ጥፋቱ ከበሩ በላይ ያለው መብራት ነው አለች፤ መብራቱ ትንኝ ይጠራል፣ ትንኙ ደግሞ ሸረሪቷን። እሱን አጥፍቼ ሌላ ትንሽ መብራት በረንዳው ጥግ ላይ ሰቀልኩ። ጥቂት ቀናት አንገራግራ እሷም ወደ ጥጉ ተዛወረች። ቤት በዓመታት ወረፋ በሚገኝበት ስቶክሆልም ያለ ወረፋ ቤት የቀየረች እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

ከዚያ ወዲህ አማቴ ጠዋት ጠዋት ወንበራቸው ላይ ሆነው ብርድ ልብሳቸውን እየሳቡ «እህስ፣ እንዴት አደረች?» ይሉኛል። መጀመሪያ «ደህና ናት» ብዬ ላልፍ ሞክሬ ነበር። እሳቸው ግን በወጣትነታቸው ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው፤ በ«ደህና ናት» አይሸነገሉም። የቱን አስቀደመች፣ ድሩን ወይስ ማጉን ሲሉኝ ለመመለስ ቀርቤ ማየት ግድ ሆነብኝ። መጀመሪያ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄደውን ትወጥራለች፤ ቀጥላ በላዩ ላይ እየዞረች ታያይዘዋለች።

«ድሩ ጠበቅ፣ ማጉ ላላ ያለ መሆን አለበት። እስቲ ንኪው» አሉኝ አንድ ቀን።

እኔ ሸረሪት ድር ልነካ! ጥርሴን ነክሼ ጣቴን ሰደድኩ። ወጣሪው ክር ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ዙሪያውን የሚሄደው ግን እንደ ማር ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ይህን ስነግራቸው «አላልኩሽም!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ።

እኔ ራሴ ሳላውቀው ማለዳ የምነሳው እሷን ለማየት ሆነ። ያረጀውን ድር ራሷ ትበላውና አዲስ ትሠራለች፤ ነፋስ ቢቀደው አታማርርም። ይህን ሁሉ የምትሠራው ደግሞ በእግሯ እየዳበሰች ነው፤ ዓይኗ እምብዛም አያይላትም። ይሄን የነገርኳቸው ቀን አማቴ ፊታቸውን ወደ ጥጉ መለሱ።

«እሷም እንደኔ ናት በይኛ» አሉ።

የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ለጥቅምት ሆነ። ልጄ ለብቻዬ ጠርታ እነዚህ ሸረሪቶች ውርጭ ሲመጣ እንደሚሞቱ ነገረችኝ። ክው አልኩ። ለአማቴ ምን ብዬ ልነግራቸው ነው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ድሩን ሳልነካ በረንዳው ጥግ ላይ አንሶላ እጋርድ ጀመር። ባለቤቴ አይቶኝ «ለኔ እንዲህ ደርበሽልኝ አታውቂም!» አለ። እውነቱን ነው፤ እሱ ግን ከውርጭ ጋር ቀጠሮ የለውም።

አንድ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ ሽፋኑ ሲነሳ ቤቱን እንኳ ሳያዩ «በረንዳ ውሰጂኝ» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ስወስዳቸው እኔም በዚያ ጠዋት ገና አላየኋትም ነበር። አለች! ከስታለች፣ ድሯም ሳስቷል፣ ግን አለች። አማቴ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

«ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይህችው ናት? አንቺ ስትነግሪኝ እኮ ድመት የምታህል መስላኝ ነበር!»

ሁላችንም ሳቅን። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ማታ ዕቃ ሳጥብ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ፤ ከነገ ጀምሮ ራሳቸው ያዩዋታል፣ እኔን ምን ብለው ይጠይቁኛል?

በማግስቱ ጠዋት ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ከድሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። የእግሬን ኮቴ ሰምተው «እህስ፣ እንዴት አደረች?» አሉኝ።

«እማማ፣ ፊትዎ አይደለች እንዴ? ይዩዋት እንጂ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አይቻታለሁ። አሁን ንገሪኝ።»