የሐጂ ኑሩ መጋዘን ምግብ ቤት ሲሆን

ከትምህርት ቤት ደብተር በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዲላ መሐል ከተማ ያለው ምግብ ቤታችን እንዴት እንደተከፈተ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ፤ ስለ ራሴ በአፌ ልናገር ስል ግን ዛሬም አፍራለሁና ልጽፈው ተነሣሁ።

ቤቱ የቡና መጋዘን ነበር፤ ያሠሩት ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ ተወረሰ። ቀበሌው መሰብሰቢያ አድርጎት ቆየና ለእናቴ አከራያት። እማዬ ግን እሳት አላነድበትም አለች። "ባለቤቱ እያዘነ የተበላ ምግብ አይባረክም። ሐጂ አሁን የሚኖሩት ገደብ ከተማ ነው፤ ሄደሽ ጠይቂያቸው" አለችኝ። እሷን ሪህ እግሯን ይዟት ነበር። ቀበሌው ደግሞ በዚህ ሳምንት ካልከፈታችሁ ለሌላ እንሰጠዋለን ብሎን ነበር።

ጠዋት

የይለፍ ወረቀቴን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጪጩን እንዳለፍን ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወርደው ፈተሹን። ከወናጎ ወዲያ መንገዱ በእንሰትና በቡና መሐል ይጠማዘዛል፤ ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጭቃው አስቸገረን። ይርጋጨፌ ላይ በስሙኒ ሙዝ ገዛሁ። ከጎኔ የተቀመጠች የገደብ ነጋዴ፣ "አንቺ ልጅ፣ ሙዙን ይዘሽ ትጸልያለሽ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ለሐጂ የምናገረውን በሹክሹክታ እየተለማመድኩ ነበር።

ገደብ

ሐጂ ኑሩ ገበያው ዳር ጨውና ሳሙና የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ አላቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዓይኔን ከመሬት አላነሣሁም።

"ቤቱን የወሰደው መንግሥት ነው። እናትሽ እኔን ለምን ትጠይቀኛለች?" አሉ።

"ባለቤቱ ሳይፈቅዱ አላበስልም ብላ ነው፣ አባባ።"

ሐጂ ጎንበስ ብለው ሳሙናውን መደርደር ያዙ። ባለቤታቸው እማማ ሩቂያ ከጓዳ ብቅ አሉ። "ሐጂ! ማንም አልጠየቀኝም እያልክ ስንት ዓመት አደነቆርከኝ። ይኸው ጠያቂ መጣ፤ አፍህ የት ሄደ?"

ሐጂ ሳቁ፤ ወዲያው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ የተመታ ዕለት በግ አርደው ሰፈሩን እንዳበሉ ነገሩኝ። "ከቡናው በፊት ምግብ ነው የገባበት" አሉ። "ወጥ ቤቱን ከኋላ ካደረጋችሁት ጭስ ይፈጃችኋል። የጓሮውን ግድግዳ አንኳኩ፤ ባዶ የሚጮኸው ጋ መስኮት ነበር። ሌባ ፈርቼ ደፈንኩት፤ ክፈቱት።"

እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን። "ሥጋችሁን ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም። ቆጮና አይብ ካላችሁ ግን ዲላ ስመጣ ምሳዬ እዚያ ነው" አሉኝ። እነሱ ጋ አደርኩ።

በማግስቱ፣ ዲላ

ለእማዬ አንዲት ቃል ሳልዘል ነገርኳት። ይቆጡኛል ብዬ የፈራኋቸው ሰው ያዘኑት የሚጠይቃቸው አጥተው ኖሯል። እኔም ሰው ፊት መናገር እንደምችል ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው።

ጎረቤታችን መዶሻ አምጥቶ የመጋዘኑን የጓሮ ግድግዳ ማንኳኳት ጀመረ። እማዬ እሳቱን አያያዘችና ቀና ብላ እንዲህ አለችኝ፦

"እኔ ከድስቱ አልነሣም። በሩ ላይ ቆመሽ እንግዳ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ።"