የደቂቃ እጅ በካሜራ ሥር

ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን «ደቂቃ» ይለዋል። ቁመቱ አጭር ነው፤ ደንበኛ ሲያስቸኩለው ደግሞ መልሱ «አንድ ደቂቃ!» ነው። ሁለቱ ተደምረው ስሙን ዋጡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንዲት መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ማጉያውን ዐይኑ ላይ ሰክቶ፣ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ብሎኖች ሲፈታና ሲያስር ኖረ። «እጁ ወርቅ ነው» ይባልለት ነበር። ነበር።

ፎቶ የጀመረው ሥራ በቀዘቀዘበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ያቺኑ ማጉያ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ስልኩ ካሜራ ላይ ለጠፋትና አንዲት የጨው ቅንጣት አየባት። ወይ ጉድ! ጨው ለካ ደረጃና መስኮት ያለው የመስተዋት ቤት ኖሯል! ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው? የሞተች ዝንብ፣ የዛገ ምስማር፣ የአንሶላ ክር፣ የገዛ ጢሙ ሳይቀር ተራ በተራ ቀረቡለት።

«ጨዉን መልስ፤ ሾርባው እየጠበቀው ነው» አለችው አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ።

«እትዬ፣ እስቲ ይቺን ተመልከቻት!»

«አየኋት። ጭጋግ ናት።»

እውነቷን ነው። ከአሥሩ ፎቶ ዘጠኙ ድብዝዝ ያለ ነበር። ደቂቃ መጀመሪያ ስልኩን ረገመ፤ ቀጥሎ ማጉያውን፤ ከዚያም በመንገዱ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች። ያን ያህል ሲቀርቡ የፀጉር ስፋት የምታህል ንቅናቄም ፎቶውን ታበላሸዋለች። ስለዚህ የብስኩት ቆርቆሮ በስቶ ስልኩን አጋደመበት። ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት በነቀለው ረጅም ብሎን፣ የሚነሳውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መድረክ ሠራ። የባትሪውን ብርሃን በነጭ የፕላስቲክ ክዳን አለሰለሰው። ካሜራውንም ራሱ ቆጥሮ እንዲያነሳ አዘዘና እጁን ሰበሰበ።

የዝንቧ ዐይን እንደ ማር እንጀራ ጥርት ብሎ ወጣ! ደቂቃ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ።

እህቱ አየችና «ይሄስ ያምራል» አለች። ቆይታ ግን፣ «መኪኖቹ ዛሬም እያለፉ ነው አይደል? ጠረጴዛውም ያው ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ዛሬ የሌለው እጅህ ብቻ ነው።»

ሳቀባት። ሳቁን ሳይጨርስ ግን አንድ የተበላሸ የእጅ ሰዓት ትዝ አለው። መሳቢያውን ከፍቶ በወረቀት የተጠቀለለች ስፕሪንግ አወጣ።

ከሦስት ወር በፊት ጡረታ የወጡ መምህርት የሟች ባላቸውን የእጅ ሰዓት አምጥተውለት ነበር። ሴት ልጃቸው አንድ ቀን አስራው ወጥታ ቆሞ ተመለሰ። ደቂቃ ከፈተው፤ አቧራ ይዞታል፤ ሊያጸዳ በወረንጦ ሲያነሳት ከፀጉር የቀጠነችውን ስፕሪንግ ጠማማ ሆና አገኛት። «ወድቋል። መለዋወጫም የለውም» አላቸው፤ አምኖበት ነው ያለው። መምህርቷ ልጃቸውን «የአባትሽን ማስታወሻ ጥለሽ ትዋሺያለሽ!» አሏት። ልጅቷ አልጣልኩም ብላ ማለች። ቃል ቃልን ወለደ፤ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

አሁን ስፕሪንጓን መድረኩ ላይ አስተኝቶ አነሳት። ሦስት ጥንድ ንክሻ፣ ፊት ለፊት። ወረንጦውን ከጎኗ አጋድሞ ደገመ፤ የንክሻው ስፋትና የወረንጦው ጫፍ አንድ ሆኑ። መውደቅ ጥርስ የለውም! በመጨረሻ ወረንጦውን በእጁ ይዞ ከአንዲት ቋሚ መርፌ አጠገብ አስጠጋና አስነሳ። መርፌዋ ጥርት ብላለች። ወረንጦው ሁለት ሦስት ሆኗል። እጅ ከፍንጅ ማለት ይሄ ነው፤ ሌባ ሲፈለግ የእጁ ባለቤት ተያዘ።

«ለመምህርቷ ለምን ብለህ ትነግራቸዋለህ?» አለች እህቱ። «እጁ ይንቀጠቀጣል ከተባለ ነገ ማን ሰዓቱን ይሰጥሃል?»

«ማንም።»

«እና?»

«እና ልጅቷ አልጣለችውም፣ እትዬ።»

መምህርቷ በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው በራ። «መለዋወጫ አገኘህ እንዴ?»

«አላገኘሁም። መምህር፣ ሰዓቱ አልወደቀም፤ ያቆመው አቧራ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ስልኩን ሰጣቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩ። «ምንድን ነው ይሄ፣ የባቡር ሐዲድ?»

«ስፕሪንጓ ናት። ያ የወረንጦዬ ንክሻ ነው።» ቀኝ እጁን ዘረጋላቸው። መንቀጥቀጡ ልብ ብለው ሲያዩት ይታያል፤ እንደ ስልክ ንዝረት ነው።

ቢጮሁበት ይሻለው ነበር። «ሦስት ወር ሙሉ ዋሾ ስላት» አሉ ቀስ ብለው፣ ለእሱ ሳይሆን ለበሩ።

«ፎቶውን ልላክልዎትና ለእሷ ይላኩላት። እኔም ልደውልላት፤ ጥፋቱ የኔ ነው ልበላት።»

«በየትኛው ቁጥር? ቀይራዋለች እኮ።»

በማግስቱ ደቂቃ መስኮቱ ላይ የነበሩትን ዘጠኝ የእጅ ሰዓቶች ለየባለቤቶቻቸው መለሰ፤ ለእያንዳንዳቸውም እጁን አሳየ። አንዳንዱ «ሐኪም ይየው እንጂ» አለው፤ አንዱ ቶሎ ብሎ ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። ሱቁ ዛሬ ዝግ ነው። ደቂቃ ስልኩን ይዞ የልጅቷን ጓደኞች ደጅ ይዞራል፤ ፎቶውን ያሳያል፣ ቁጥሯን ይለምናል። እስካሁን የሰጠው የለም። እናቷ የላኩት እየመሰላቸው በሩን ይዘጉበታል።