ባዶ ኮርቻ

ፈረሱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ማንም አልገፋፋኝም። ለክልል ምክር ቤት በግል ለመወዳደር ስመዘገብ የመወዳደሪያ ምልክቶች ቀረቡልኝ። ጃንጥላ ነበር፣ ማሰሮ ነበር፣ ቁልፍ ነበር። እኔ ግን ፈረሱን እንዳየሁ ጣቴን ጫንኩበትና "ይሄ የኔ ነው" አልኩ። በአዊ ምድር ፈረስ ይዞ የሚሸነፍ ሰው ካለ ድሮም መወዳደር አልነበረበትም ብዬ ነበር የማስበው። በዚያ ላይ እንጀራዬ ፈረስ ነው። ዳንግላ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የጋሪ ፈረሶችን ሰኮና ሳክም፣ ሆድ ቁርጠታቸውን ሳስታግስ ነው የምውለው። ስዕሉን እንደ ባለሙያ መረመርኩት። እግሩ ቀጥ ያለ፣ አንገቱ ያማረ፣ ኮርቻው በቦታው የተጫነ ነው። አንድም እንከን አላገኘሁበትም።

ተሸነፍኩ። መሸነፉንስ እችለዋለሁ፣ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። አንጀቴን ያቃጠለው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለው የተወለድኩበት ቀበሌ ነው። ከብታቸውን የከተብኩላቸው፣ ሌሊት ተጠርቼ ላሞቻቸውን ያዋለድኩላቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው ውለው ለእኔ የወጣው ድምፅ በጣት የሚቆጠር ሆነ። ምንም ሳይነካባቸው ባዷቸውን ወደ ሳጥኑ የገቡት ወረቀቶች ብዛት ደግሞ ቆጣሪዎቹን ራሳቸውን አስገርሟል። ታዛቢዬ "ሕዝቡ አልገባውም መሰለኝ" አለኝ። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ሴት በመሆኔ ናቁኝ አልኩ። ከቀበሌው ሰው ጋር ፊት ተነሳሳሁ፤ ላም ታመመች ብለው ሲደውሉልኝ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ አልኳቸው። ኩርፊያው ግን ብዙ አልዘለቀም። ላሟ ምን አደረገች ብዬ ሄጄ አከምኳት።

ቆይቶ ከፓርላማ አንድ ቋሚ ኮሚቴ በምርጫ ሕጉ ማሻሻያ ረቂቅ ላይ የሕዝብ አስተያየት ሊሰማ እንጅባራ እንደሚመጣ ተነገረ። ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ መራጩ ለምን እንደቀዘቀዘ ነበር። የግል ተወዳዳሪ የነበርን ሰዎችም ተጋበዝን። አፌን ሞልቼ የምናገረው ብዙ ነገር ስለነበረኝ ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ ስለ አየር ሰዓት፣ ስለ ቅስቀሳ ወጪ፣ ስለ ድጋፍ ፊርማ። ጠዋት ከዳንግላ በሚኒባስ ተነስቼ ስብሰባው እስኪጀመር እናቴ ቤት ጎራ አልኩ። ደጅ ተቀምጣ የድንች ዘር ትለያለች።

"ወዴት ነሽ እንዲህ አምረሽ?" አለችኝ።

"ከፓርላማ የመጡ ሰዎች አሉ። ስለ ምርጫ ልናገር ነው።"

"ደግሞ ልትወዳደሪ ነው እንዴ?"

"አዎ፣ በሚቀጥለው።"

እጇ ድንቹ ላይ ቆመ። "በዚያው ፈረስ?"

"በዚያው ነዋ። ምን አለበት?"

"ልጀ፣ ያንን ፈረስ ተይው" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "አባትሽን የሸኘው ፈረስ እኮ ነው።"

እኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ እንደ በዓል ቀን ተጭኖና ተሸልሞ ለቅሶው መሃል ይጎተታል። ኮርቻው ላይ ግን ማንም አይቀመጥበትም። ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም፣ እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን አባቴ ሲሞት እኔ ሩቅ አገር ትምህርት ላይ ነበርኩ፤ የደረስኩት ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። የአባቴን ፈረስ ያየሁት መስክ ላይ ሳር ሲግጥ ነው። እናቴ ያየችው ባዶ ኮርቻውን ተሸክሞ በፊቷ ሲያልፍ ነው።

"ምልክቷ ፈረስ ነው አሉኝ" አለች። "ደስ ብሎኝ ገባሁ። ወረቀቱን ስገልጠው ፈረሱ ተጭኗል፣ የተቀመጠበት ሰው የለም። ምልክትስ እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ምልክት አለ? እዚያ ላይ ጣቴን ላኑር? ልጀን በገዛ ጣቴ ልቅበራት?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡብኝ። የራሴ እናት አልመረጠችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩን በሆዷ ይዛ፣ እኔ በሰው ስማረር ዝም ብላ ስትሰማኝ ኖራለች። ናቁኝ ስል የከረምኩት ሰዎችም እንደሷ ሆነው ይሆን? ይህን ሳላውቅ ሌላ ምርጫ ብገባ ምን ዋጋ አለው አልኩ። ለእኔ ከዚያ በኋላ የአየር ሰዓቱ ሁሉ ቀርቶ ጉዳዬ አንድ ሆነ፤ እናቴ ሳትፈራ ጣቷን የምታኖርበት ወረቀት። "ተነሽ፣ አብረን እንሄዳለን" አልኳት። ነጠላዋን ለበሰችና ባጃጅ ውስጥ ገባን።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ጽሑፌን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተነሳሁና የፈረሱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ከመድረኩ በኩል ፈገግታ አየሁ። አንድ መነጽር ያደረጉ የኮሚቴው አባል ማይክ ተቀብለው "የግንዛቤ ጉዳይ ነው፤ የመራጮች ትምህርት በስፋት ቢሰጥ ይስተካከላል" አሉ።

"ክቡርነትዎ፣ ትምህርቱማ ተሰጥቷል" አልኳቸው። "አስተማሪው 'ይህ ምልክት ነው' አለ፣ ሕዝቡም ምልክቱን አየ። ለሌላ አገር ሰው ፈረስ ነው፤ ለእኛ የለቅሶ ፈረስ ነው። እዚህ የሚኖር አንድ ሰው ከመታተሙ በፊት ቢያየው ኖሮ በአንድ ቃል ይነግረን ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሰኮናውን ነበር የማየው።"

ሰብሳቢው ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ማንም ለመመለስ እንደማይገደድ አስቀድመው ተናግረው፣ በዚህ ምክንያት ፈረሱ ላይ ጣቱን ያላኖረ ሰው አዳራሹ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። እናቴ እጇን አወጣች። ከኋላዋ አንድ ያገሬ ሰው እጁን አወጣ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ሴቶች። ሌላ ባለሙያ ፈልግ ያልኩት የላሟ ባለቤት ሳይቀር እጁን አንስቶ እኔን እኔን ያያል። አፈርኩም ኮራሁም፣ የትኛው እንደበለጠ እስካሁን አላውቅም። ከመድረኩ ፈገግታው ጠፋ፤ መነጽር ያደረጉት ሰውዬም መጻፍ ጀመሩ።

ሰብሳቢው ወደ እናቴ ዞር ብለው "ታዲያ እናቴ፣ እርስዎ ለሌላ ሰው ሰጡ ወይስ ጭራሽ ተዉት?" አሏት።

እናቴ ስትቸኩል አማርኛዋን ትታ አውንጊ ትናገራለች። ያን ጊዜም እንደዚያው ስላደረገች ማስተርጎሙ ለእኔ ወደቀ። "ማንን እንደመረጥኩ አይጠየቅም ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተው አይደላችሁም ወይ፣ ይላሉ" አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና "ይቅርታ እናቴ፣ አጥፍቻለሁ" አሏት። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

የጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነው። ምልክቶቹ ከመታተማቸው በፊት ለየአካባቢው መራጭ ይታዩ፣ የማይሆን ነገር ሲገኝም ስዕሉ ይታረም። ለረቂቁ ግብዓት እንወስደዋለን ተባልኩ። ሕጉ ውስጥ ይግባ አይግባ ገና አላውቅም። ካልገባ እንደገና እናገራለሁ፤ ድምፄ እንደሆነ አይደክምም፣ በየቀኑ የምጮህባቸው የጋሪ ነጂዎች ይመስክሩ።

እስከዚያው ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ዳንግላ ውስጥ የባጃጅ ጌጥ የሚስል ሰው አለ። ያንኑ ፈረስ ሳልልኝ፣ ኮርቻው ላይ ግን ሰው አስቀምጥበት አልኩት። የሳለልኝን ወረቀት ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ድንቹን እየቆፈረች ነበር፤ መቆፈሪያዋን አስቀምጣ ወረቀቱን ራቅ ቀረብ እያደረገች አየችው።

"እርካቡን በደንብ አልረገጠችም" አለች።

"ይታረማል።"

"ማናት ግን?"

"እኔ ነኛ።"

ጣቷን በቀሚሷ ልትጠርግ አለችና ተወችው፤ አፈር እንደነካው ወረቀቱ ላይ፣ ልክ ፈረሱ ደረት ላይ አኖረችው። ሲነሳ አሻራዋ ከነመስመሩ ቀረ።

"ይሄ እንኳ አይቆጠርልሽም" አለችኝ።

"ይቆጠራል" አልኳት።